ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11፦ የተለወጠውና የተለወጠ የሚመስለው

ስርዓተ ክወና፣ በተለምዶ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሌሎች ፕሮግራሞች ቀድሞ ሥራ የሚጀምርና የመሣሪያውን ክፍሎች የሚያስተዳድር ዋና ሶፍትዌር ነው፤ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የሚሠራበትን ማኅደረ ትውስታ የሚያከፋፍለው፣ ፋይሎች በዲስኩ ላይ የት እንደተቀመጡ የሚመዘግበው፣ ከኪቦርድ፣ ከስክሪንና ከፕሪንተር ጋር የሚገናኘውም እርሱ ነው። ተጠቃሚው ይህን ሁሉ ሥራ አያይም፤ የሚያየው በስክሪኑ ላይ የሚከፈቱትን መስኮቶች፣ ምልክቶችና ዝርዝሮች ብቻ በመሆኑ፣ ስርዓተ ክወናው ወደ አዲስ እትም በተሸጋገረ ቁጥር ቅሬታውም አድናቆቱም የሚያርፈው በዚሁ በሚታየው ገጽታ ላይ ነው። ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 የተደረገው ሽግግር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናል፤ ብዙ የተባለለት የስታርት ምልክት ከቦታው መንቀሳቀስ እጅ ሲለምደው የሚረሳ ነገር ሲሆን፣ ብዙም ያልተወራለት የፋይል መቀመጫና የዲስክ ምስጠራ ለውጥ ግን ያልተዘጋጀን ተጠቃሚ የዓመታት ሥራ ሊያሳጣው ይችላል።

ዊንዶውስ 10 የወጣው በጁላይ 2015፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኦክቶበር 2021 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ ለአራት ዓመታት ጎን ለጎን ከቆዩ በኋላ ማይክሮሶፍት ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቁሟል። ድጋፉ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም ማለት ሳይሆን፣ በሶፍትዌሩ ውስጥ አዲስ የደህንነት ክፍተት ሲገኝ ክፍተቱን የሚደፍነው ማሻሻያ፣ ተጠቃሚዎች አፕዴት የሚሉት፣ ከእንግዲህ አይመጣም ማለት ነው። የዚህ ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በሜይ 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው፣ ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም 150 ገደማ አገሮችን ባዳረሰ ጊዜ ታይቷል፤ ማይክሮሶፍት የመከላከያውን ማሻሻያ ከጥቃቱ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ ያወጣ ቢሆንም፣ ማሻሻያውን ያልጫኑትና ድጋፋቸው ቀድሞ የተቋረጠባቸው ኮምፒውተሮች ተጋልጠው ተገኝተዋል፤ ድጋፉ በ2014 እ.ኤ.አ. ላበቃው ዊንዶውስ ኤክስፒም ኩባንያው ከጥቃቱ በኋላ የድንገተኛ ጊዜ ማሻሻያ ለማውጣት ተገዷል። ለዊንዶውስ 10 የግል ተጠቃሚዎች ማይክሮሶፍት እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. የሚቆይ ተጨማሪ የደህንነት ማሻሻያ መርሐ ግብር አዘጋጅቷል፤ ይህ ግን ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

መሸጋገር የፈለገ ሁሉ ደግሞ መሸጋገር አይችልም። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታና 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ይህ ለአብዛኛው ኮምፒውተር አስቸጋሪ አይደለም፤ አስቸጋሪው ቲፒኤም 2.0 የተባለው መስፈርት ነው። ቲፒኤም የምስጠራ ቁልፎችን ከዲስኩ ውጭ ለብቻው የሚይዝ፣ በማዘርቦርዱ ላይ እንደ ትንሽ ቺፕ የሚገጠም ወይም በፕሮሰሰሩ ውስጥ የሚካተት የደህንነት ክፍል ነው። ከዚህም ጋር ፕሮሰሰሩ ማይክሮሶፍት ካወጣው ዝርዝር ውስጥ መገኘት አለበት፤ ከኢንቴል ምርቶች በዚህ ዝርዝር የገቡት፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛው ትውልድና ከዚያ በኋላ የተሠሩት ናቸው። ትውልዱ ከስሙ ቀጥሎ ካለው ቁጥር ይታወቃል፤ አይ5 7200 የሚል 7ኛ ትውልድ፣ አይ5 8250 የሚል 8ኛ ትውልድ ነው። በአዲስ አበባ እንደሚታየው ያገለገሉ ላፕቶፖች በብዛት በሚሸጡበት ገበያ ይህ አንድ አኃዝ ከማኅደረ ትውስታውና ከዲስኩ መጠን የማያንስ ዋጋ አለው። መስፈርቱን በዘዴ አልፎ መጫን እንደሚቻል የታወቀ ቢሆንም፣ ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለው ኮምፒውተር ማሻሻያ የመስጠት ግዴታ እንደሌለበት አስታውቋል፤ ለደህንነት ተብሎ የሚደረግ ሽግግር የደህንነት ዋስትና በሌለው መንገድ ቢፈጸም ትርፉ ምን እንደሆነ ግልጽ አይደለም።

እዚህ ላይ በኢትዮጵያ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም እየተጠሩ ጉዳት ማድረሳቸው ሊነሳ ይገባል። ማሻሻል ወይም አፕግሬድ ማድረግ ማለት አዲሱ እትም በነባሩ ላይ ሲጫን ፋይሎች፣ ፕሮግራሞችና አብዛኞቹ ምርጫዎች ባሉበት የሚቆዩበት አሠራር ሲሆን፣ ፎርማት ማድረግ ግን ዲስኩ ወይም ከፊሉ ተጠርጎ ስርዓተ ክወናው ከባዶ የሚጫንበት ነው። ባለሙያ ዘንድ የሄደ ደንበኛ «ዊንዶውስ ቀይርልኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚደረግለት ሁለተኛው ነው፤ ፈጣንና ንጹሕ ስለሆነ ለባለሙያው ይመቻል፤ ለደንበኛው ግን በዲ ክፍል ካስቀመጣቸው ፋይሎች በቀር በዴስክቶፕ ላይ የነበሩት ሰነዶች፣ የፕሪንተሩ ማሠሪያ ሶፍትዌር እና የአማርኛ ፊደሎቹ አብረው ይጠፋሉ።

ከተጫነ በኋላ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የስታርት ምልክት ነው። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስክሪኑ የግራ ታችኛ ጥግ የኖረው ይህ ምልክት በዊንዶውስ 11 ወደ መሐል ተዛውሯል፤ በቀኝ የማውስ አዝራር ሲጫኑ የሚከፈተው ዝርዝር አጥሮ የቀረው «ሾው ሞር ኦፕሽንስ» ከሚለው ሥር ተከቷል፤ ኮፒና ፔስት የሚሉት ትእዛዞችም እትሙ ሲወጣ በቃል ፋንታ በትንንሽ ምልክቶች ተተክተው ነበር። እጁ ሳያስብ ወደ ግራ ጥግ የሚሄደው ተጠቃሚ የጓዳ ዕቃውን ሌላ ሰው ባዘዋወረበት ቤት ጨው ፍለጋ እንደሚንከራተት ሰው ይሆናል። ይህ ድካም ኩባንያውን ሐሳቡን ያስለወጠበት ጊዜም አለ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 8 የስታርትን ዝርዝር ጨርሶ አስወግዶ ስክሪኑን በሙሉ በትልልቅ ካሬዎች ሲሸፍነው የተነሳው ተቃውሞ በዓመቱ ምልክቱን፣ ከዚያም በዊንዶውስ 10 ዝርዝሩን ራሱን መልሶታል። በዊንዶውስ 11ም ቢሆን ከሴቲንግስ ውስጥ ፐርሶናላይዜሽን፣ ቀጥሎ ታስክባር በሚለው ሥር የምልክቶቹን አሰላለፍ ወደ ግራ መመለስ የሚቻል ሲሆን፣ አሮጌው የቀኝ አዝራር ዝርዝርም ሺፍትና ኤፍ10 በአንድነት ሲጫኑ ይከፈታል። አዲሱን ልማድ ከመማር አሮጌውን ማስመለስ ይሻላል ወይ የሚለው የየሰው ምርጫ ነው፤ የዊንዶውስ አዝራር ከዜድ ጋር ሲጫን ስክሪኑን ለሁለትና ለሦስት መስኮቶች የሚከፋፍለው ዘዴ ግን በሁለት ሰነዶች መካከል ለሚሠራ ተርጓሚም ሆነ ሒሳብ ሠራተኛ ሊማሩት የሚገባ ነው።

የገጽታው ነገር ይህን ያህል ነው። ከባዱ ለውጥ የሚገኘው ከሥር ነው። ዊንዶውስ 11 በመደበኛ አጫጫኑ ተጠቃሚው በማይክሮሶፍት አካውንት፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚመዘገብ ኢሜይልና የይለፍ ቃል እንዲገባ ይጠይቃል፤ አካውንቱ ሲከፈት ዋንድራይቭ የተባለው የኢንተርኔት ማከማቻ አብሮ ሥራ ሊጀምር ይችላል። ዋንድራይቭ ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ፒክቸርስ የተባሉትን ማኅደሮች ወደ ራሱ ስለሚያዛውራቸው፣ ተጠቃሚው ፋይሎቹን በለመደው ቦታ አጥቶ ጠፉ ብሎ ይደነግጣል፤ በነጻ የሚሰጠው ቦታ ደግሞ 5 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ በፎቶግራፍ ቶሎ ይሞላል። ከዚህ የባሰው ከአንዱ ቦታ የተሰረዘ ፋይል ከሌላውም መሰረዙ ነው፤ የኢንተርኔት ቅጂ አለኝ ብሎ ከኮምፒውተሩ ላይ ያጠፋ ሰው ሁለቱንም ያጣል። በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው ይህ ጭነት በገንዘብ ስለሚተመን፣ በኔትወርክ ምርጫዎች ውስጥ ግንኙነቱን «ሜተርድ» ብሎ መመዝገብ፣ ማለትም አጠቃቀሙ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ለስርዓተ ክወናው ማስታወቅ፣ የማሻሻያዎችንም የዋንድራይቭንም ፍጆታ ይቀንሳል።

ምስጠራው ከዚህም ይከብዳል። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ከባዶ የተጫነ ኮምፒውተር በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩ በራሱ ሊመሰጠር ይችላል፤ ይህም ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይሎቹ እንዳይነበቡ የሚያደርግ መልካም ጥበቃ ነው። ይሁንና ማዘርቦርዱ ሲቀየር ወይም የማስነሻው ምርጫ ሲነካካ ኮምፒውተሩ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ የሚቀመጠውም በዚያው አካውንት ውስጥ ነው። አካውንቱን የከፈተው ባለሙያው በራሱ ኢሜይል ከሆነ ቁልፉ ያለው እርሱ ዘንድ ነው ማለት ነው፤ ቁልፉ ከጠፋ ደግሞ ማይክሮሶፍትም ሆነ ማንም ባለሙያ ዲስኩን ሊከፍተው አይችልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ከመረከብ በፊት አካውንቱ በባለቤቱ ስም መሆኑን ማረጋገጥና ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ፊደሉ ነው። ኮምፒውተር ፊደልን የሚይዘው በቁጥር ሲሆን፣ ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ መለያ ለግዕዝ ፊደላት የራሳቸውን ቋሚ ቁጥር የሰጠው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በመሥሪያ ቤቶች ያገለገሉት የግዕዝ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ እንዲህ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ሆኖ ይታያል። ፎርማት የተደረገበት ሰው ሰነዱ ተበላሸ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰነዱ ግን ደህና ነው፣ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው። ከመሸጋገር በፊት ፎንቶቹን ቀድቶ ማስቀመጥ፣ ውሎ አድሮም ሰነዶቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ችግሩን ይፈታዋል።

በዩኒኮድ የተጻፈውም ከመዛባት ሙሉ በሙሉ አያመልጥም። ኒያላ የተባለው ፎንት በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ጋር መጥቶ ብዙ አማርኛ ሰነድ የተጻፈበት ሲሆን፣ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ከባዶ ሲጫን የሚገኘው ግን ኢብሪማ የተባለው ነው፤ ኒያላ የተዛወረው ተጠቃሚው ፈልጎ ወደሚጭናቸው ተጨማሪ ፎንቶች ነው። የሁለቱ ፎንቶች ስፋት ስለሚለያይ በኒያላ የተጻፈ ሰነድ በሌላ ፎንት ሲታይ መስመሮቹ ይንሸራተታሉ፣ የገጽ ቁጥሩ ከማውጫው ጋር አይገጥምም፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስጠርዝ ለተዘጋጀ ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው በሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ ከሚለው የኢትዮጵያ ፊደላትን ተጨማሪ ፎንቶች መጫን ነው። በኪቦርድ በኩል ዊንዶውስ የራሱ አማርኛ ኪቦርድ ያለው ሲሆን፣ ቋንቋዎቹን የሚያፈራርቀው የዊንዶውስ አዝራርና የስፔስ አዝራር በአንድነት ሲጫኑ ነው፤ በፓወር ግዕዝ ወይም በኪይማን የለመደ ሰው ግን የሚያውቀውን ፕሮግራም መልሶ ቢጭን ይሻለዋል። ዊንዶውስ 11 በ64 ቢት ብቻ ስለሚዘጋጅ፣ ለ16 ቢት ኮምፒውተር የተጻፉ ጥንታዊ የግዕዝ መጻፊያዎች ግን በቀጥታ አይነሱበትም።

ይህን ሁሉ ለመፈተሽ ያለው ጊዜ አጭር ነው። በማሻሻል መንገድ የተሸጋገረ ሰው የቀድሞው ስርዓተ ክወና ዊንዶውስ ኦልድ በተባለ ማኅደር ውስጥ ስለሚቆይለት፣ ከሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ በሚለው በኩል ፋይሎቹን ሳያጣ ወደ ዊንዶውስ 10 ሊመለስ ይችላል፤ ስለዚህ ፕሪንተሩን፣ የቆዩ አማርኛ ሰነዶቹንና የሒሳብ ፕሮግራሙን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍቶ ማየት ይገባዋል። የመመለሻው ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞው የሚወስደው መንገድ ፎርማት ብቻ ይሆናል።