ማሽኑ የሚሰማው ወርቅና የማይሰማው ወርቅ

ቪዲዮውን አይታችሁታል። ማዳመጫ ያደረገ ሰው ረጅም ዘንግ እያወዛወዘ ቀይ አፈር ላይ ይሄዳል። ማሽኑ ይጮሃል፣ ሰውየው ይቆፍራል፣ ደቂቃ ሳይሞላ መዳፉ ላይ ባቄላ የምታህል ወርቅ ታበራለች። የሚቀጥለው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ማሽኑ ስንት ነው?

አይገርምም። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. የአንድ አውንስ (31.1 ግራም) ወርቅ ዋጋ በዓለም ገበያ ከ4,000 ዶላር አልፏል። እዚህ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ወርቅ በብር ሲቆጠር ጭራሽ ያጓጓል። አብረውኝ ከተመረቁ ልጆች መካከል አራቱ ገንዘብ አዋጥተን ማሽን እንግዛና ወደ ወርቅ አገር እንውረድ አሉኝ። አንደኛው ድርሻውን ለማሟላት የእናቱን የአንገት ሐብል ሊያስሸጥ አስቧል። ወርቅ ሸጦ ወርቅ ፍለጋ!

ኢኮኖሚክስ ያጠና ጓደኛ ጣጣው ካልኩሌተር ማውጣቱ ነው። ከካልኩሌተሩ በፊት ግን ማሽኑ ምን እንደሚሰማ ማወቅ ያስፈልጋል።

"የወርቅ ማሽን" እንለዋለን እንጂ ወርቅን ብቻ ለይቶ የሚያውቅ ዲቴክተር የለም። ከዘንጉ ጫፍ ያለው ክብ ነገር ኮይል ይባላል። ወደ መሬት ማግኔታዊ ሞገድ ይልካል፤ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር ሁሉ በምላሹ ደካማ ሞገድ ይመልሳል። ማሽኑ የሚጮኸው ያኔ ነው። ለምስማርም፣ ለቆርኪም፣ ለጥይት ቀለህም፣ ለወርቅም ይጮሃል። ጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቆርኪ ሲለቅም ይውላል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን መጠን ነው። አሶሳም ሆነ ሻኪሶ ባህላዊ አምራቾች አፈር በገበቴ እያጠቡ የሚያወጡት ወርቅ በአብዛኛው ደቃቅ ነው፤ ጤፍ የሚያህል፣ አንዳንዴም ዱቄት። ያንን ማሽን አይሰማውም። አንድ ገበቴ አፈር ውስጥ ብዙ ብናኝ ቢኖር እንኳ ማሽኑ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ ምክንያቱም እያንዳንዷ ቅንጣት ለብቻዋ የምትመልሰው ሞገድ ከምንም አይቆጠርም። ምስር የምታህለውን ጥሩ ማሽን ሊሰማት ይችላል፣ ያውም ከላይ ከተቀመጠች። ስለዚህ ወርቅ ያለበት ቦታ ሁሉ የማሽን ቦታ አይደለም። ቦታውን ለማወቅ ቲክቶክ ሳይሆን እዚያው ወንዝ ዳር የሚያጥቡትን እናቶች ጠይቁ፦ እስከዛሬ ያገኛችሁት ትልቁ ቁራጭ ስንት ይመዝናል? መልሱ "ኧረ እኛስ ብናኝ ብቻ ነው" ከሆነ ገበቴው ማሽኑን ይበልጠዋል።

አሁን ስሌቱ። ርካሹ የወርቅ ዲቴክተር ወደ አንድ ሺህ ዶላር፣ ውዱ ከአምስት ሺህ በላይ ነው። ልዩነቱ በአብዛኛው አፈሩ ላይ ነው። ርካሾቹ ለትንንሽ ቁራጭ ጎበዝ ናቸው፣ ግን ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ላይ ያለ ምክንያት ይጮሃሉ። ውዶቹ ሞገዱን በምት በምት ስለሚልኩ እንዲህ ያለውን አፈር ይችሉታል፣ ጠለቅ ብለውም ይሰማሉ። የአምስት ሺሁን እንውሰድና ለስሌት እንዲመች ግራሙን 120 ዶላር እንበል። የማሽኑን ዋጋ ብቻ ለመመለስ ወደ 42 ግራም ያስፈልጋል። ግማሽ ግራም ግማሽ ግራሟን ካገኛችሁ 84 ቁራጭ መሆኑ ነው። ትራንስፖርትና ምግብ አልገባም። የተፈጥሮ ወርቅ ንጹሕ 24 ካራት ስላልሆነ ከዋጋው የሚቀነሰውም አልገባም።

"አንድ ትልቅ ብናገኝስ?" አለኝ ባለሐብሉ። ሊገኝ ይችላል። ግን ቪዲዮ የሚለጥፈው ያገኘው ሰው ነው፤ ሳምንት ሙሉ ቆርኪ ለቅሞ የተመለሰው ምን ብሎ ይለጥፋል?

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም መሞከር የሚፈልግ ካለ፣ ኮይሉን መሬት ሊነካ እስኪል ዝቅ አድርጎ በጣም በቀስታ ያወዛውዝ፤ ችኮላ ትንሹን ድምፅ ያስጥላል። ስልክ ማሽኑን ይረብሻል፣ ስለዚህ ይጥፋ። አፍንጫው ብረት የሆነ ጫማም አይሆንም፤ በየእርምጃው ያስጮኸዋል። ድሮ ተቆፍሮ የተከመረ አፈር ጥሩ መጀመሪያ ነው።

ወረቀቱም አይረሳ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የአባታችሁ ማሳ ላይ ብታገኙትም ያው ነው። የባህላዊ ማዕድን ማምረቻ ፈቃድ የሚሰጡት ክልሎች ናቸው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነት በነበረባቸው የሰሜን አካባቢዎች ደግሞ ማሽኑ የሚጮህለት ነገር ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊሆን ይችላል። ድምፁ አይለይም። እዚያ ድምፅ ተከትሎ መቆፈር ጨርሶ አይሞከርም።

የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው፦ ቴሌግራም ላይ "ከመቶ ሜትር ርቀት ወርቅ ይጠቁማል" እየተባለ የሚሸጠው አንቴና ያለው ሽጉጥ መሰል ዕቃ። እንዲህ የሚሠራ ቴክኖሎጂ የለም። ጄምስ ማኮርሚክ የሚባል እንግሊዛዊ ተመሳሳይ አንቴና "ፈንጂ ይጠቁማል" ብሎ ለኢራቅ ጭምር ሸጧል፤ ውስጡ ባዶ ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. አሥር ዓመት ተፈረደበት። መፈተኛው ቀላል ነው። አሥር የፕላስቲክ ኩባያ ድፉ፣ ሻጩ ሳያይ አንዱ ሥር ቀለበት አስቀምጡ፣ ያስቀመጠው ሰው ከክፍሉ ይውጣ፣ ከዚያ ሻጩ ይፈልግ። አምስት ጊዜ ደጋግሙት። "ዛሬ አየሩ ከብዷል" ማለት ከጀመረ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።