ከማዘመን በኋላ ሥራ የሚያቆሙ ኮምፒውተሮች፦ ስህተቱ እንዴት ይገኛል፣ እንዴትስ ይታረማል?

ኮምፒውተርን ማዘመን ሥራውን እንደሚያሻሽልና ደኅንነቱን እንደሚያጠብቅ ይታመናል። አልፎ አልፎ ግን ተቃራኒው ይከሰታል። ማታ በደኅና የተዘጋ ኮምፒውተር ከተዘመነ በኋላ ኢንተርኔት አያገኝም፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ወይም ማያ ገጹ ይርገበገባል። ዕቃው አልተሰበረም፤ ባለቤቱም የነካካው ነገር የለም። የተለወጠው ሶፍትዌሩ ብቻ ነው። በሙያው ቋንቋ ይህ ዓይነቱ ብልሽት «ሪግሬሽን» ይባላል፤ ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ ለውጥ ምክንያት መሥራት ሲያቆም ማለት ነው።

ይህን ችግር አጥብቀው ከሚታገሉት መካከል የሊኑክስ ባለሙያዎች ይገኙበታል። ሊኑክስ ፊንላንዳዊው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ በ1991 የጀመረው፣ ኮዱን ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት ነው። እምብርቱ «ከርነል» ይባላል። ከርነሉ በፕሮግራሞችና በዕቃው መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ፕሮግራሙ «ይህን ፋይል አስቀምጥ» ሲል ትእዛዙን ለዕቃው በሚገባው ቋንቋ ያደርሳል። የአንድሮይድ ስልኮችም የሚሠሩት በዚሁ ከርነል ላይ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ኮምፒውተር የሌለውንም ሰው ይነካል።

ብልሽቱ ከየት ይመጣል?

እያንዳንዱ ዕቃ፣ የኔትወርክ ካርድም ይሁን ካሜራ፣ የራሱ አስተርጓሚ ኮድ ያስፈልገዋል። ይህ ኮድ «ድራይቨር» ይባላል። አዲስ የሊኑክስ ከርነል በየዘጠኝ ወይም በየአሥር ሳምንቱ ይወጣል። በእያንዳንዱም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ሺህ በላይ ለውጦች ይገባሉ። ለውጡን የሚጽፈው ባለሙያ በጠረጴዛው ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ጥቂት ናቸው። በዓለም ላይ ያሉት የዕቃ ዓይነቶች ግን ተቆጥረው አያልቁም።

በዚህ ላይ አንዳንድ ዕቃዎች በመመሪያቸው ላይ እንደተጻፈው አይሠሩም። አሮጌው ኮድ ጉድለታቸውን ችሎ ያሠራቸው ይሆናል። አዲሱ ኮድ በመመሪያው መሠረት በትክክል ሲጻፍ ግን እነዚያ ዕቃዎች ይቆማሉ። ኮዱ ትክክል ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን አይሠራም።

በሊኑክስ ዘንድ ለዚህ የተቀመጠው ሕግ ግልጽ ነው፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ዛሬም መሥራት አለበት። «ጥፋቱ የዕቃው ነው» የሚለው መልስ ተቀባይነት የለውም። ችግር ያመጣው ለውጥ ይታረማል፤ ቶሎ የሚታረም ካልሆነም ተነሥቶ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። መመሪያውን ለማያከብሩ ዕቃዎችም የዕቃው መለያ ቁጥር በልዩ መዝገብ ውስጥ ይገባና ከርነሉ እነርሱን ሲያገኝ በተለየ አያያዝ ያስተናግዳቸዋል።

ከ10 ሺህ ለውጦች አንዱን መፈለግ

ሕጉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከ10 ሺህ ለውጦች መካከል ጥፋተኛው የትኛው ነው? መልሱን የመስኖ ውኃ የሚጠቀም ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። ረጅም ቦይ ውስጥ የተለቀቀ ውኃ ማሳው ካልደረሰ፣ ቦዩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንዝር በስንዝር መፈተሽ አድካሚ ነው። ብልኅ ሰው በመጀመሪያ ወደ ቦዩ አጋማሽ ይሄዳል። ውኃው እስከዚያ ከደረሰ፣ የፈሰሰበት ቦታ ከአጋማሹ በታች ነው። ካልደረሰም ከላይ ነው። የቀረውን ግማሽ ደግሞ በተመሳሳይ መንገድ ይከፍለዋል።

ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ በ2005 የሠራው «ጊት» የተባለው የለውጥ መዝገብ ይህንኑ ዘዴ «ቢሴክት» በሚባል ትእዛዝ ይፈጽማል። ይሠራ የነበረው ከርነልና የማይሠራው ከርነል ይነገሩታል፤ እርሱም በመካከላቸው ያለውን መርጦ ያቀርባል። ተጠቃሚው ያንን ጭኖ ይሞክርና «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» ብሎ ይመልሳል። በዚህ መንገድ ከ10 ሺህ ለውጦች ጥፋተኛውን ለመለየት 14 ሙከራ ይበቃል። ሥራው የፕሮግራም ዕውቀት ሳይሆን ትዕግሥትና ችግሩ የታየበትን ኮምፒውተር ይጠይቃል።

ዕቃውን ራሱን ያበላሸው ስህተት

አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሮጌው ከርነል በመመለስ ችግሩ ይቃለላል። እ.ኤ.አ በ2008 የተከሰተው ግን ከዚህ የከፋ ነበር። ለሙከራ በወጡት የ2.6.27 ከርነሎች የተጠቀሙ ሰዎች በአንዳንድ የኢንቴል ኔትወርክ ካርዶቻቸው መገናኘት አቃታቸው። አሮጌውን ከርነል ሲመልሱም ካርዱ አልተነሣም። በካርዱ ላይ የመለያ ቁጥሩና ቅንብሩ የተጻፈበት ትንሽ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ አለ፤ የተበላሸው እርሱ ነበር።

ጥርጣሬው ሁሉ «ኢ1000ኢ» በተባለው የካርዱ ድራይቨር ላይ አረፈ። የኡቡንቱ አዘጋጆች ሌላ ጉዳት እንዳይደርስ ድራይቨሩን ከሙከራ ሥሪታቸው ለጊዜው አስወጡት። ባለሙያዎች የድራይቨሩን ኮድ ደጋግመው ቢመረምሩም ምክንያቱን በዚያ አላገኙትም። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖ ነበር።

ዋናው ምክንያት የተገኘው ከኔትወርክ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው «ኤፍትሬስ» በተባለ መሣሪያ ውስጥ ነው። ይህ መሣሪያ የከርነሉን አሠራር ለመከታተል የተሠራ ሲሆን፣ ከርነሉ እየሠራ ሳለ በኮዱ ውስጥ አንዳንድ ቦታዎችን ፈልጎ እንደገና ይጽፋል። የሚጽፍባቸውን አድራሻዎች አስቀድሞ በመዝገብ ይይዛል። ነገር ግን አንዳንዱ ኮድ ሥራ ሲጀመር ብቻ ያገለግልና ቦታውን ይለቃል፤ አድራሻውም ለሌላ ይሰጣል። ኤፍትሬስ ይህን አላወቀም። አሮጌው ተከራይ የለቀቀውን ቤት ቁልፍ ይዞ እንደሚገባ ሰው፣ በዚያ አድራሻ መጻፉን ቀጠለ። በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ የአድራሻው አዲስ ተከራይ የኔትወርክ ካርዱ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ ነበር።

የእርማቱ ቅደም ተከተል ትምህርት ይሰጣል። ምክንያቱ ሳይታወቅ በፊት የካርዱ ማኅደረ ትውስታ በስህተት እንዳይጻፍበት የሚቆልፍ ለውጥ ተዘጋጀ፤ ጥቅምት 9 ቀን 2008 እ.ኤ.አ በወጣው በ2.6.27 ከርነልም ገባ። ምክንያቱ እንደታወቀ ደግሞ ከስድስት ቀን በኋላ 2.6.27.1 ወጥቶ የኤፍትሬስን አደገኛ ክፍል ዘጋው። በቀጣዩ ከርነል መሣሪያው በተሻሻለ አሠራር ተመለሰ። በመጀመሪያ ጉዳቱ እንዲቆም ተደረገ፤ ከዚያም ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ምንጩ ተፈልጎ ደረቀ።

የተፈተነውም ይሳሳታል

ለዕለት ሥራ የተረጋጉ ናቸው የሚባሉት ከርነሎችም ከአደጋ ነፃ አይደሉም። እ.ኤ.አ በመስከረም 2022 መጨረሻ የወጣው 5.19.12 በአንዳንድ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ማያ ገጹን ያብለጨልጭ ጀመር። የኢንቴል ባለሙያ የስህተት መዝገቦችን መርምሮ ለማያ ገጹ ኃይል የሚሰጥበት የጊዜ ልክ እንደተዛባና ይህም ገጹን ሊጎዳ እንደሚችል አስጠነቀቀ። የተረጋጉትን ከርነሎች የሚያስተዳድረው ግሬግ ክሮኽ-ሃርትማን ለውጦቹን አንሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ 5.19.13ን አወጣ። ማን ተሳሳተ የሚለው ክርክር እርማቱን አላዘገየውም።

ፍጥነቱ የተገኘው ችግሩን ያዩ ሰዎች ሳይዘገዩ ስለተናገሩ ነው። የሁሉም ዓይነት ኮምፒውተር በባለሙያዎቹ እጅ ስለሌለ፣ የዕቃው ባለቤት የሚሰጠው ምስክርነት ምትክ የለውም። «አልሠራም» ብሎ መተው ለማንም አይጠቅምም። የዕቃው ሞዴል፣ ይሠራ የነበረው ከርነል ቁጥርና መሥራት ያቆመበት ከርነል ቁጥር ሲነገር ግን ፍለጋው ከግማሽ መንገድ ይጀምራል።

ተጠቃሚው ምን ያድርግ?

በትምህርት ቤት፣ በቢሮ ወይም በቤት ኡቡንቱንና መሰል የሊኑክስ ሥርዓቶችን የሚጠቀም ሰው ጥቂት ጥንቃቄዎች ይበቁታል። ከማዘመን በፊት አስፈላጊ ሰነዶችን በሌላ ቦታ መገልበጥ የመጀመሪያው ነው። ኡቡንቱ ከአዲሱ ከርነል ጋር የቀድሞውንም ስለሚያቆይ፣ አዲሱ እምቢ ካለ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር አሮጌውን መርጦ ሥራን መቀጠል ይቻላል። ብዙ ኮምፒውተሮች ባሉበት ተቋም ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን ከማዘመን ይልቅ አንዱን አስቀድሞ መሞከር ይመረጣል።

ችግር ተፈርቶ ማዘመንን ጨርሶ መተው ግን መፍትሔ አይሆንም። አዲስ ከርነል ለሰርጎ ገቦች በር የሚከፍቱ ስህተቶችንም ያርማልና ሳያዘምኑ መቆየት ሌላ አደጋ አለው። በአሮጌው ከርነል መሥራት ችግሩ እስኪታረም የሚያቆይ ጊዜያዊ ማረፊያ ነው፤ ችግሩ የሚታረመው ግን ለሥርዓቱ አዘጋጆች ሲነገር ነው።