የበርበሬ ችግኛችሁ ሲባጎ የሚመስለው ለምንድነው? መብራት ከመግዛታችሁ በፊት

የካቲት ላይ ዋሽንግተን፣ ሚኒያፖሊስ ወይ ስቶክሆልም አፓርታማ ውስጥ በርበሬ ዘርታችሁ የምታውቁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በሳምንት በአሥር ቀን ብቅ ይላል፣ ቤቱ በሙሉ ደስ ይለዋል። በሁለተኛው ሳምንት ግንዱ እንደ ሲባጎ ቀጥኖ፣ መለሎ ሆኖ፣ ወደ መስኮቱ አንጋጦ ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይተኛል። ከሱቅ በሁለት በሦስት ዶላር በተገዛ ዘር ከሆነ ያናድዳል እንጂ ብዙ አይጎዳም። ያላችሁ ዘር ግን አሥራ አምስት ፍሬ ማረቆ ፋና ብቻ ከሆነ፣ ችግኙ ጠፋ ማለት ዓመቱ ጠፋ ማለት ነው። (በነገራችን ላይ፣ ለመዝራት የሚሆን ዘር በሻንጣ ይዞ አሜሪካ ለመግባት ወረቀት ይጠየቃል። «ትንሽ ነው» ብሎ ዝም ማለት አያዋጣም፣ ማስመዝገብ ይሻላል።)

መፍትሔው መብራት መግዛት እንደሆነ ብዙ ሰው ያውቃል። የትኛውን የሚለው ላይ ነው ገንዘብ የሚባክነው።

መጀመሪያ ችግኙ ለምን እንዲህ እንደሚሆን እንይ። ተክል ዓይን ባይኖረውም የብርሃን ቀለም ይለያል። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጠዋል። ከቀይ ቀጥሎ ያለውን፣ እኛ እምብዛም የማናየውን «ሩቅ ቀይ» (730 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን) ግን አብዛኛውን ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል። ስለዚህ ሌላ ተክል ሥር የበቀለ ችግኝ የሚደርሰው ብርሃን ቀዩ ተለቅሞ ሩቅ ቀዩ የተረፈበት ነው። ተክሉ ውስጥ ያለው ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን ይሄን ልዩነት ያነበዋል፦ «ጎረቤት ጋርዶሃል፣ ቶሎ ብለህ እለፈው» የሚል መልእክት ነው። ችግኙም ያለችውን ስንቅ ግንድ ማርዘሚያ ያደርጋታል፣ ሥርና ቅጠል ይቆዩ ተብለው ይተዋሉ።

ሰማያዊ ብርሃን ደግሞ ልጓም ነው። ሰማያዊ በበቂ ሁኔታ ሲያገኝ ግንዱ አጠር፣ ወፈር ይላል። ሰማያዊ ሲያንስ፣ ወይም ብርሃኑ ባጠቃላይ ደካማ ሲሆን ልጓሙ ይላላል። መስኮት ዳር ያለው ችግኝ ላይ በዋናነት የሚደርሰው ይሄ ሁለተኛው ነው፣ ብርሃኑ ደካማ ነው፣ በቃ። ጥርት ባለ ቀን እኩለ ቀን ላይ ውጭ ያለው ብርሃን በተክል መለኪያ በስኩዌር ሜትር በሰከንድ ወደ 2000 ማይክሮሞል ይጠጋል። የበርበሬ ችግኝ ደህና ሆኖ ለማደግ ከ200 እስከ 300 ያህል ለረጅም ሰዓት ይበቃዋል። የክረምቱ ዝቅ ያለች ፀሐይ፣ ድርብ መስታወቱ፣ ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ ተደማምረው ግን ይቺኑም ይከለክሉታል።

አገር ቤትም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። የችግኝ መደብ ላይ የሣር ጥላ ይሠራል፣ ከዚያ ችግኙ እያደገ ሲመጣ ጥላው ቀስ በቀስ ይሳሳል። ጥላው ሳይነሳ ከቆየ ችግኙ ቀጥኖ፣ ገርጥቶ ይወጣና መስክ ላይ ሲዛወር ይጠወልጋል። አፓርታማ ውስጥ ያለው ችግር ጥላውን የሚያነሳ ሰው አለመኖሩ ነው።

ወደ ገበያው እንምጣ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን ዋት እርሱት። «1000 ዋት» ተብሎ የሚሸጥ መብራት ከሶኬቱ የሚስበው 100 ዋት ገደማ ሆኖ ይገኛል። ትልቁ ቁጥር የማስታወቂያ ነው፣ እውነተኛውን በትንሹ ከተጻፈው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ሉመንም ብዙ አይረዳም፣ ምክንያቱም ሉመን የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚታየው ነው የሚለካው። ዓይናችን ደግሞ አብልጦ የሚያየው አረንጓዴውን ነው። የሚጠቅመው ቁጥር በአንድ ጁል ስንት ማይክሮሞል ይሰጣል የሚለው ነው። ጥሩ ኤልኢዲ 2.5 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ይሄን ቁጥር ጭራሽ የማይጽፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ እኔ ብሆን አልገዛውም።

ቀለሙስ? ሐምራዊው መብራት ለዓይን የሳይንስ ነገር ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን ለችግኝ ነጭ ኤልኢዲ ይሻላል። አብሮ መኖርም ይቀላል፣ ሳሎን ውስጥ ሐምራዊ መብራት አብርቶ እንግዳ መቀበል እንዴት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ነጩ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። 2700 ኬልቪን የሚለው ቢጫ ያዘለ አምፖል ከብርሃኑ ሰማያዊው አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው። 5000 ወይም 6500 የሚለው ሩብ አካባቢ ይደርሳል። ችግኝ እንዳይረዝም የምትፈልጉ ከሆነ ይሄኛውን ያዙ። የድሮው ሽቦው የሚግለው አምፖል ግን ሩቅ ቀዩ የበዛ ስለሆነ ጭራሽ ያስረዝማል።

በመጠን ደግሞ፣ 60 በ30 ሴንቲ ለሚሆን አንድ ትሪ እውነተኛ 30 ወይ 40 ዋት የሚስብ ነጭ ኤልኢዲ በቂ ነው። ጋራዥ ውስጥ የሚሰቀለው ረጅሙ መብራትም ይሠራል፣ «የተክል» የሚል ስም ስለሌለው ብቻ ይረክሳል። ዋናው ማቅረቡ ነው። እንዲህ ያለውን መብራት ከችግኙ ጫፍ 15 እስከ 30 ሴንቲ ላይ ስቀሉት፣ ችግኙ ሲያድግ መብራቱንም ከፍ አድርጉት። ነጠላ አምፖል ከሆነ ርቀቱን እጥፍ ስታደርጉት ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ኮርኒስ ላይ የተሰቀለ ውድ መብራት ትሪው ላይ ካለ ርካሽ መብራት የሚያንሰው ለዚህ ነው።

መለኪያ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። ስልካችሁ ላይ ሉክስ የሚለካ አፕ ጫኑና ችግኙ ካለበት ቦታ ላይ አስቀምጡት። ነጭ ኤልኢዲ ከሆነ ከ15,000 እስከ 20,000 ሉክስ ካሳየ ከላይ ያልነው 200–300 አካባቢ ናችሁ። የስልክ ልኬት ሸራፋ ነው፣ ግን 3,000 እና 15,000ን ይለያል፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። በሐምራዊ መብራት ላይ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ግራ መጋባት አለ። ቤት ውስጥ ስለሚተከል መብራት ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው ብዙው ምክር የተጻፈው ሕጉ በሚፈቅድባቸው አገሮች ካናቢስ ለሚያበቅሉ ሰዎች ነው። ያ ተክል ሌሊቱ ሲረዝም ነው የሚያብበው። ስለዚህ አብቃዮቹ መብራቱን 12 ሰዓት አብርተው 12 ሰዓት ያጠፋሉ። ማበብ ሲጀምር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ተክሉ በጣም ይረዝማል፣ «መርዘምን ይከላከላል» የሚለው ማስታወቂያም አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለዚያ ነው። በርበሬ ግን ለማበብ የሌሊት ርዝመት አይጠብቅም። 12 ሰዓቱን ከነሱ ገልብጦ መጠቀም ብርሃን መቀነስ ብቻ ነው። ለችግኝ 14 እስከ 16 ሰዓት አብሩ፣ ሌሊት አጥፉ። መብራቱ ላይ «ለአበባ» የሚል ማብሪያ ካለም አትንኩት። በብዛት የሚያደርገው ቀይና ሩቅ ቀይ መጨመር ነው፣ ማለትም ልጓሙን ማላላት።

የመብራት ክፍያው የሚያስፈራ አይደለም። 40 ዋት በቀን 16 ሰዓት ቢበራ በወር 19 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ በ17 ሴንት ሒሳብ ከ3 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል።

መብራቱ ተስተካክሎም የሚረዝም ከሆነ ሙቀቱን እዩት። በርበሬ ለመብቀል ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። ሰው ግን ማሞቂያውን ከበቀለ በኋላም ሥሩ ይተወዋል። ሙቅ ቦታ ላይ ያለ፣ ብርሃን ያነሰው ችግኝ በጣም ነው የሚሮጠው። አብዛኛው እንደበቀለ ማሞቂያውን አውጡ፣ ከራዲያተሩም አርቁት። ትንሽ ማራገቢያ በቀስታ ማዞርም ግንዱን ያጠነክረዋል።

ቀድሞውኑ የረዘመውንስ? ቲማቲም ከሆነ ቀላል ነው፣ ግንዱን እስከ ቅጠሉ ድረስ አፈር ውስጥ ቅበሩት፣ ከግንዱ ሥር ያወጣል። በርበሬ ላይ ይሄ እንደ ቲማቲም አይሠራም። ትንሽ ዝቅ አድርጎ መትከል፣ በቀጭን እንጨት መደገፍና መብራቱን ማቅረብ ነው ያለው። የረዘመው አያጥርም፣ ቀጥሎ የሚወጣው ግን ይወፍራል። መጋቢት ገና ካልገባ ደግሞ ግማሹን ዘር አስቀርታችሁ ከሆነ በአዲሱ መብራት ሥር እንደገና ዝሩ። ሚኒያፖሊስ ላይ ውርጩ የሚያበቃው ግንቦት አጋማሽ አካባቢ ስለሆነ ጊዜ አላችሁ።