ሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚገባ ቃል

ትሬለር ለመቁረጥ ስቀመጥ መጀመሪያ ስክሪኑን አጥፍቼ ፊልሙን አዳምጣለሁ። ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ ጆሮዬ ካልለየው የተመልካቹም ጆሮ አይለየውም። ታሪኩ በኋላ ይደርሳል። ሲኒማ ቤት በር ላይ ቆሞ ወይም ስልኩን ከፍቶ የሚያይ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስለ ታሪኩ ግድ የለውም። ማወቅ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ ያስቀኛል? ያስለቅሰኛል? ያስደነግጠኛል? ከልጆቼ ጋር ቁጭ ብዬ ላየው እችላለሁ?

እኛ ዘንድ ለዚህ ጥያቄ የታወቁ መልሶች አሉ፦ የፍቅር ፊልም፣ አስቂኝ የፍቅር ፊልም፣ የቤተሰብ ፊልም፣ ልብ አንጠልጣይ። እያንዳንዱ ዘውግ በትሬለር ላይ የሚታወቅበት ምልክት አለው። አስቂኝ የፍቅር ፊልም ሲሆን ሙዚቃው ይዘላል፣ የዋናው ተዋናይ ጓደኛ ቀልድ ይጥላል፣ ሙዚቃው በድንገት ቀጥ ይላል፣ ክው ያለ ፊት ይታያል፣ ከዚያ ሙዚቃው ይመለሳል። ያ ቅጽበታዊ ዝምታ ከቀልዱ ይበልጥ ያስቃል። የፍቅር ፊልም ሲሆን ፒያኖ፣ የማይነሳ ስልክ፣ የሆስፒታል ኮሪደር። ልብ አንጠልጣይ ሲሆን ጨለማ መንገድ፣ የመኪና መብራት፣ መሃል ላይ የተቆረጠ ንግግር። አንዳንድ ወጣት አዘጋጆች ይህን ሁሉ «የተለመደ» ብለው ይንቁታል። እኔ አልንቀውም። ከተመልካች ጋር ለዓመታት ስንግባባበት የኖርነው በዚህ ነው፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር ለመነጋገር ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ነገር የግድ ያስፈልጋል።

የምልክቶቹን ጉልበት ማሳየት ስፈልግ ለአዳዲስ ኤዲተሮች የምከፍትላቸው አንድ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒውዮርክ ውስጥ ረዳት ኤዲተር የነበረው ሮበርት ራያንግ ለኤዲተሮች ውድድር ብሎ ለስታንሊ ኩብሪክ «ዘ ሻይኒንግ» አዲስ ትሬለር ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ይህ ፊልም፣ በረዶ በዘጋው ሆቴል ውስጥ አእምሮው ቀስ በቀስ የሚነካና በመጨረሻ ሚስቱንና ልጁን መጥረቢያ ይዞ የሚያሳድድ አባት ታሪክ ነው። ራያንግ ከዚሁ ፊልም ምስል ወሰደ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ያለው ተራኪ ጨመረ፣ ወደ መጨረሻው የፒተር ጋብርኤልን «ሶልስበሪ ሂል» ለቀቀበት። የወጣው ነገር፣ መጻፍ ያቃተው ደራሲና አባት የናፈቀው ልጅ ተገናኝተው የሚዋደዱበት የቤተሰብ ኮሜዲ ነበር! በዋናው ፊልም አባቱን ሆኖ የሚተውነው የጃክ ኒኮልሰን ደም የሚያቀዘቅዝ ፈገግታ እዚህ የአፍቃሪ አባት ፈገግታ ሆኖ አረፈ። የሰውየው ፊት ያው ነው። ከፊቱ በፊትና በኋላ የገቡት ሾቶች፣ የሚቆዩበት ጊዜ፣ ከሥር ያለው ሙዚቃ ነው የተለወጠው። ይህን ሥራ ባየሁት ቁጥር እደነግጣለሁ። በኤዲተር እጅ ያለው ሥልጣን ይህን ያህል ነው ማለት ነው።

የዚያው ፊልም የመጀመሪያ ማስታወቂያ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለው። አንድ ሾት ብቻ ነው። የተዘጉ ቀይ የሊፍት በሮች፣ ወደ ላይ የሚወጡ ስሞች፣ እየከበደ የሚሄድ ድምፅ፤ በመጨረሻ ከሊፍቱ የሚጎርፍ ደም። ተዋናይ የለም፣ ንግግር የለም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የ«ኤሊየን» ትሬለርም እንደዚሁ ነው፤ የሚሰነጠቅ እንቁላል፣ ሩጫና ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያሳየናል እንጂ አውሬውን አያሳየንም። አስፈሪ ፊልም ሰው የሚጠራው በደበቀው ነገር ነው። አልፍሬድ ሂችኮክ ይህን አውቆ ተጫወተበት፦ እ.ኤ.አ. በ1960 ለወጣው «ሳይኮ» በሠራው ከስድስት ደቂቃ በላይ በሚፈጅ ትሬለር ራሱ እንደ አስጎብኚ ሆኖ ሞቴሉንና ቤቱን በዝግታ ያዞረናል፤ ለመናገር ይጀምርና ይተወዋል። ዘና ብለን ስንከተለው መታጠቢያ ቤት ገብቶ መጋረጃውን ይገልጠዋል፤ ሴት ትጮሃለች። ጨዋታው ሁሉ የሚፈታው በዚያ ጩኸት ነው፤ ፊልሙ ምን እንደሆነ በመጨረሻው ሰከንድ በእውነት ተነገረን።

ሥራችን ላይ ከባዱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። «ሕዝቡ መሳቅ ነው የሚፈልገው፤ ቀልዶቹን ብቻ ሰብስብና አስገባ» የሚል ፕሮዲውሰር ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ፊልሙ ግን ከአጋማሹ በኋላ ለቅሶ ቤት ነው። ገንዘቡን ያፈሰሰ ሰው ጭንቀት ይገባኛል። ቢሆንም ታሪክ መደበቅና ስሜት መዋሸት አንድ አይደሉም። ማን እንደሚሞት፣ ማን ማንን እንደሚያገባ ብደብቅ ተመልካቹን አከበርኩት፤ ሊያለቅስ የመጣው እንዲስቅ፣ ሊስቅ የመጣው እንዲያለቅስ ባደርግ ግን ገንዘቡንም ምሽቱንም ወሰድኩበት።

አሜሪካ ውስጥ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሚሺጋን ውስጥ አንዲት ተመልካች «ድራይቭ» የተባለው ፊልም ትሬለር እንደ «ፋስት ኤንድ ፊውሪየስ» ያለ የመኪና ሩጫ ፊልም አስመስሎ አሳየኝ ብላ ከሰሰች፤ ፊልሙ ዝምተኛ፣ ቀስ ያለና ደም የበዛበት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ይበልጥ ያስገርመኛል። «የስተርዴይ» የተባለውን ፊልም የተከራዩ ሁለት ሰዎች፣ ትሬለሩ ላይ ያዩዋት ተዋናይ አና ደ አርማስ ፊልሙ ውስጥ ስለሌለች ስቱዲዮውን ከሰሱ። ስቱዲዮው ትሬለር የሕግ ጥበቃ ያለው የጥበብ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የሰጡት ብይን ትሬለር ማስታወቂያ ስለሆነ የሐሰት ማስታወቂያ ሕግ ይመለከተዋል የሚል ነበር። ክሱ ኋላ ላይ ለከሳሾቹ ባይሳካም ብይኑ ውስጥ አንድ አጥር አለ፦ የሚመለከተው ተዋናይዋ ወይም ትዕይንቱ ፊልሙ ውስጥ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው። እንግዲህ ሁሉንም ሾት ከፊልሙ ወስዶ እንደ ራያንግ ሌላ ዘውግ የሚያስመስለውን ሰው ይህ ብይን አይነካውም። ራያንግ የሠራው ለውድድር ነው፤ ትኬት ለመሸጥ የሚያደርገው ሰው ግን የሚጠየቀው በሙያው ሕሊና ብቻ ነው።

በቅርቡ በእጄ ያለፈ አንድ ሥራ እንዲህ ያለ ነበር፤ ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ሐዘን። ቀልዶቹን አስገባኋቸው፤ ጥሩ ቀልዶች ናቸውና። ሦስተኛው ቀልድ ላይ ግን ሙዚቃውን አቁሜ፣ ተመልካች የሚስቅበት ክው ያለ ፊት በሚገባበት ቦታ ላይ እናትየው በር ከፍታ ማንም እንደሌለ የምታይበትን ሾት አደረግኩ፤ ሙዚቃው ሲመለስም በዝግታ እንዲመለስ ተውኩት። የሞተውን ሰው አልገለጥኩም። የሚስቅ ሰው ግን ከሳቁ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ጭላንጭሉን ያያል። ፕሮዲውሰሩ «ሰው ይሸሽብኛል» አለኝ። መጀመሪያ ቀን የገባው ሰው ተታለልኩ ብሎ ለጎረቤቱ ከተናገረ ሁለተኛው ሳምንት እንደማይኖር ነገርኩት፤ አዘጋጁም ከእኔ ጋር ቆመ። ፕሮዲውሰሩ አሁንም አልተስማማም። ትሬለሩ ግን «በቅርብ ቀን» ተብሎበት በዚያው መልኩ ወጥቷል።