በነጮቹ ቁልፎች ላይ አምባሰል

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ሐይቅ ሄጄ ነበር። ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ሲደበድበው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከቤት ሳንወጣ ዋልን። የእህቴ ልጅ ከጓደኛው የተዋሳትን ትንሽ ካሲዮ ኦርጋን ጭኑ ላይ አድርጎ በአንድ ጣቱ ይነካካል። ጥቁሮቹን ቁልፎች ይፈራቸዋል፤ "እነሱ ያበላሻሉ" ይላል። ስለዚህ በነጮቹ ላይ ብቻ ይመላለሳል። እንዳጋጣሚ ደግሞ ከሚ ተነሳ፤ ሬንና ሶልንም ዘለላቸው። ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። እንደገና ሚ።

እናቴ ጓዳ ቡና እየቆላች ነበር። የምጣዱ ድምፅ ቀጥ አለ።

"አንተ ልጅ፣ አምባሰሉን ማን አሳየህ?"

"ኧረ እኔ ምንም አልተጫወትኩም፣ እማማ።"

"አምባሰል ነው እንጂ! ድገመውማ።"

እናቴ ኖታ የሚባል ነገር አታውቅም። አምባሰልን የምታውቀው ከሠርግ ቤት፣ ከማሲንቆ፣ ከገዛ አያቷ እንጉርጉሮ ነው። ኦርጋኗን ከልጁ ተቀብዬ ቆጠርኩት። ከሚ ወደ ፋ ግማሽ ድምፅ፤ ከፋ ወደ ላ የሁለት ድምፅ ዝላይ፤ ከላ ወደ ሲ አንድ፤ ከሲ ወደ ዶ ግማሽ፤ ከዶ ወደ ላይኛው ሚ እንደገና ሁለት። እውነቷን ነው። ሙዚቀኞች ለአምባሰል ቅኝት የሚሰጡት አካሄድ ይኸው ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዞ ከላ የተነሳ ሰው ደግሞ ትዝታ ማይነር ላይ ይደርሳል። በአንድ ቤት ውስጥ በሁለት በር እንደ መግባት ነው። ጃፓኖች ሚያኮ ቡሺ የሚሉት ስልታቸውም እርምጃ በእርምጃ ከአምባሰል ጋር አንድ ነው፤ ይህን ባሰብኩት ቁጥር ይገርመኛል።

እኔ ሐይቅ ተወልጄ፣ የአምባሰልን ተራራ ከደጃፋችን እያየሁ አድጌ፣ አምባሰል በኦርጋን ነጭ ቁልፎች ላይ እንዲህ ተገላልጦ መቀመጡን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህን ዜማ በማሲንቆ ሳይሆን በቁልፍ ሲጫወቱት ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። የት? ቆይቶ መጣልኝ። ልጅ ሳለሁ ከደሴ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አድርጎ ወደ ወልዲያ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሹፌሩ የሚያጫውተው ካሴት ነበር፤ የሚቆጥረው የሰው ከበሮ ሳይሆን የማይደክመው ማሽን፣ ከላዩ አኮርዲዮን፣ ከሥሩ ደግሞ ስሙን የማላውቀው ውሃ ውሃ የሚል ድምፅ። ማን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። ያኔ እንዲህ ያለው ካሴት የአውቶቡስ፣ የቡና ቤት፣ የሬዲዮ ፕሮግራም መሸጋገሪያ ነበር፤ "ሙዚቃ ብቻ" እንለው ነበር፣ ሰው የሌለበት ይመስል።

በማግስቱ ደሴ ሄድኩ። ፒያሳ አካባቢ አባቱ ካሴት ይሸጡ የነበረ፣ እሱ ግን አሁን ሞባይል የሚጠግን ሰው አለ። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ካሴት አስቀምጧል፤ ለመጣል አልጨከነም። አንጎራጎርኩለት። ሁለት ሐረግ ሳልጨርስ እጁን ሰደደ።

"ወንድሜ፣ ይቺ የኃይሉ መርጊያ ናት።"

ሽፋን የላትም። ክሯ ተርፎ ወጥቶ ነበርና በቢክ እስክሪብቶ ጠምጥሞ መለሳት። አቧራማ ቴፕ ውስጥ ከተታት። ትንሽ ሰነፈች፣ ተንገዳገደች፣ ከዚያ ማሽኑ መቁጠር ጀመረ። የአውቶቡሱ የመስኮት ዳር መቀመጫ፣ የሹፌሩ ጀርባ፣ የውጫሌ ቁልቁለት፣ ሁሉም ተመለሰ። ከዜማዎቹ የአንዱ ስም ደግሞ "አምባሰል" ነው።

ከዚያ በኋላ የዚህችን ካሴት ታሪክ እየተከተልኩ ነው የከረምኩት። የማነሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለደ፤ ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ገባ፤ አኮርዲዮንን ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1970ዎቹ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ሆኖ በሂልተን ሆቴል ለዓመታት ሠራ። ዋልያስን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከነሱ በፊት የነበሩት ትላልቅ የሙዚቃ ቡድኖች አብዛኞቹ የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት ወይም የቴአትር ቤት ነበሩ። ዋልያስ ግን የራሳቸው ጌታ ነበሩ። በ1977 ያወጡት "ቼ በለው" የተሰኘ ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ በቫይብራፎን ተጫውቷል፤ የግርማ በየነ ድርሰት የሆነው "ሙዚቃዊ ስልት" የተሰማውም እዚያው ነው። ጊዜው የደርግ ነው፣ ሰዓት እላፊ አለ። ለዳንስ የመጣ ሰው ከሰዓት እላፊ በፊት ካልወጣ እስኪነጋ እዚያው ያድራል፤ ባንዱም አብሮት ያድራል። ግጥም ሁሉ በሚመረመርበት ዘመን ግጥም የሌለው ሙዚቃ ምን ያህል ነፃነት እንደነበረው ሳስብ፣ እነዚያን "ሙዚቃ ብቻ" የምንላቸውን ሥራዎች በሌላ ጆሮ እሰማቸዋለሁ። ሳንሱር በሳክስፎን ላይ መስመር ሊያሰምር አይችልም።

በዚያ ዘመን ብቻቸውን አልነበሩም። አይቤክስ ነበሩ፣ ኋላ ሮሃ ባንድ የሆኑት፤ በሰላም ስዩም ጊታርና በጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ስንቱን ዘፋኝ ተሸክመዋል። የማሕሙድ አሕመድ "እሬ መላ መላ" የነሱ እጅ አለበት። ዳህላክ ባንድ ነበሩ፤ ኃይሉ በ1978 "ወደ ሐረር ጉዞ"ን የሠራው ከነሱ ጋር ነው። ኢትዮ ስታርስ ነበሩ። ስማቸው በካሴት ሽፋን ላይ ከዘፋኙ ፎቶ ሥር በደቃቅ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ሸክላ ማተም ቆሞ ካሴት ሲነግሥ ሽፋኑ ራሱ ጠበበና ፊደሏም አነሰች። ሙዚቃውን ያበሰሉት ግን እነሱ ናቸው። በኛ በኩል ደግሞ ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ ኪነት ነበር፤ ማሪቱ ለገሰ ወሎን በድምጿ ይዛ የወጣችበት ቤት። የአምባሰልን ድምፅ ሰው ሁሉ ከሷ ነው የሚያውቀው፣ እኔም ጭምር።

ዋልያስ በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሄዱ። ጉዞው ሲያበቃ ከፊሎቹ ወደ ሀገር ተመለሱ፣ ከፊሎቹ ቀሩ። ኃይሉ ከቀሩት ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ዙላ ባንድ በሚል ስም ከጓደኞቹ ጋር ትንሽ ተጫወተ። በ1985 ይህችን ካሴት ሊቀርጽ ብቻውን ወደ አንዲት ትንሽ ስቱዲዮ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። አንድ የባንድ ሰው ባንዱ ሲበተን ምን ያደርጋል? ኃይሉ ባንዱን ከመሣሪያ ሠራ። ከበሮውን ለሪትም ማሽን ሰጠ። ሮድስ ፒያኖ አለ፣ ሙግ ሲንተሳይዘር አለ፣ ያማሃ ከሁለት ዓመት በፊት ያወጣው ዲ ኤክስ 7 አለ። አንዱን ይቀርጻል፣ ያንን እየሰማ ሌላውን ከላዩ ይደርባል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጅነት አኮርዲዮኑን አስቀመጠ። አኮርዲዮን በነዚያ ዓመታት ከአዲስ አበባ መድረክ እየጠፋ ነበር፤ ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ቦታውን ወስደውበታል። እሱ ግን አሮጌውንና አዲሱን ባንድ ገበታ አቀረበ። በካሴቷ ስም ላይ "ክላሲካል" ብሎ የጠራው ይህንኑ አኮርዲዮን ይመስለኛል። "ሸሞንሟናዬ" የካሴቷ የታወቀ ዜማ ሆነች።

በነዚያው ዓመታት የዓለም ሙዚቃ ሁሉ በቁልፍ ላይ ነበር። ሲድኒ ውስጥ ሁለት ወጣቶች በ1979 ፌርላይት የሚባል መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ የማንኛውንም ነገር ድምፅ ቀድቶ በቁልፍ ያጫውታል፤ ዋጋው ግን የአንድ ቤት ያህል ነበርና የገዙት ስመ ጥር ሀብታም ሙዚቀኞች ናቸው። ኃይሉ ያለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ቅኝት ግን ነበረው።

ቁልፍ ለቅኝት ቀላል ነገር አይደለም። ክራር ደርዳሪ አውታሩን በጆሮው ይቃኛል፤ ማሲንቆ ተጫዋች በአንዲቷ የጭራ ክር ላይ ጣቱን በፈለገበት ያሳርፋል። በሚና በፋ መካከል ብዙ ማረፊያ አለው። የኦርጋን ቁልፍ ግን ፋብሪካ የወሰነለት ቦታ ላይ ቆሟል፤ የአኮርዲዮንም እንዲሁ። ለዚህ ነው ብዙ ሰው "ኦርጋን መጣና ቅኝታችን ተበላሸ" የሚለው። ሐዘኑ ይገባኛል፤ የጠፋውም ነገር እውነት ነው። ይህችን ካሴት ከሰማሁ በኋላ ግን አባባሉን መድገም አልቻልኩም። ኃይሉ ቁልፉ የማይሰጠውን በጊዜ ይክሰዋል። ማሽኑ ሳይዘገይ ሳይቸኩል ይቆጥራል፤ እሱ ኋላ ይቀራል፣ ይጎትታል፣ ከዝላዩ በፊት ትንፋሹን ይይዛል። የአኮርዲዮን ትንፋሽ የእጅ ትንፋሽ ነውና ይሰማል። ሙግ ደግሞ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተት የሚችል መሣሪያ ነው፤ በዚህ ከሁሉም ለማሲንቆ የሚቀርበው እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ለመጻፍ ይከብደኛል። ካሴቷ የተቀረጸችበት ጊዜ ወሎ በኛ አቆጣጠር በ77ቱ ረሃብ ውስጥ የነበረችበት ነው። ባቲ ለኛ የቅኝት ስም ነው፤ በነዚያ ወራት ግን ዓለም ባቲን ያወቃት በረሃብተኞች መጠለያነቷ ነው። ከኛው አገር ሰው በመኪና እየተጫነ ወደ ምዕራብ ለሠፈራ ተወስዷል። እናቴ ያን ዓመት አታነሳውም። ኃይሉ "አምባሰል"ን ሲጫወት ስለዚያ አስቦ ይሁን ሌላ፣ እሱ የሚናገረው ነው። እኔ ግን የወሎ ልጅ ነኝና ሳላስበው መስማት አልችልም።

ከዚያ ካሴቷ ተረሳች። ኃይሉ መድረክ ተወ፤ ዳለስ በሚባለው የዋሽንግተን አየር ማረፊያ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አልለየም፤ ተራው እስኪደርስ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ለማንም ሳይሆን፣ በየቀኑ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚነካኝ ይህ ነው። ሰሚ የለም፣ ኮንሰርት የለም፣ ጣቶቹ ግን ሥራ አልፈቱም።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ብራያን ሽምኮቪትዝ የሚባል የአፍሪካን ካሴቶች የሚሰበስብ አሜሪካዊ ባሕር ዳር መጣ። አንድ ካሴት ቤት ገብቶ የድሮ ካሴቶችን ሲያገላብጥ ይህችን አገኛት። ሰማት፣ ልቡ ቆመ፣ ባለቤቷን ፈለገ። ብዙም አልተቸገረም፤ ኃይሉን በስልክ አገኘው። በ2013 ካሴቷ እንደገና ታተመች፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 "ላላ በሉ"ን፣ በ2020 "የኔ ምርጫ"ን አወጣ፤ ከ70 ዓመቱ በላይ ሆኖ በአውሮፓና በአሜሪካ እየዞረ ተጫወተ።

ያ ካሴት ቤት የነበረበት ባሕር ዳር የኛው ከተማ ነው። በካሴቷ ፊት ለፊት ስንቱ ሰው አልፏል። እኔም ደሴ ላይ በዚያ ካርቶን ፊት ለፊት ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

ሐይቅ ተመልሼ በስልኬ "አምባሰል"ን ከፈትኩት። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ አምባሰል ከሩቅ ጥርት ብሎ ይታያል። እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ተቀመጠች። ልጁ ከጎኗ ኦርጋኗን ይዞ። እስኪያልቅ ምንም አላለችም። ሲያልቅ ራሷ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ያንኑ ዜማ አይደለም፣ የራሷን። ልጁ ሊከተላት ሞከረ። ሚ ላይ ተገናኙ። ሁለተኛው ድምፅ ላይ ግን አልገጠሙም፤ እሷ ከፋ ዝቅ፣ ከሚ ከፍ ብላ አረፈች።

"እማማ፣ እዚያ ጋ ቁልፍ የለም እኮ።"

"እኔ ምን አውቅልሃለሁ፣ እዚህ ነው ያለው" አለችና ደገመችለት።

ልጁ አሰበ። ሚንና ፋን አንድ ላይ ተጫናቸው። ተንጫጫ። ራሷን ወዘወዘች።

"አይደለም፤ ግን ቀርበሃል።"