ስለ ኖባ ሕዝብ ዜማና ዑድ ስለሚባለው መሣሪያ

ዜማ የሌለው ሕዝብ በምድር ላይ አልተገኘም። እናት ልጅዋን ስታስተኛ፣ ገበሬ በሬውን ጠምዶ ሲያርስ፣ ሙሽራ ከአባትዋ ቤት ስትወጣ፣ በየአገሩና በየቋንቋው ለሁሉም የየራሱ ዜማ አለው። ነገር ግን የራስን ዜማ መውደድ ተፈጥሮ ሲሆን፣ የሌላውን ሕዝብ ዜማ ሰምቶ ማድነቅ ትዕግሥትና ትምህርት የሚጠይቅ ነው። ጆሮ እንደ አፍ ነውና ያልለመደውን መጀመሪያ ይተፋዋል፤ ቀስ ብሎ ሲቀምሰው ግን ይወደዋል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ዓምዳችን ለክቡራን አንባቢዎቻችንና ለክቡራት ወይዛዝርት ስለ ጎረቤታችን ስለ ኖባ ሕዝብ ዜማ ጥቂት ለመጻፍ አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎረቤት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኖባ ማለት በግብጽ ከአስዋን ጀምሮ በሱዳን እስከ ዶንጎላ ግድም ድረስ በዓባይ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋው አገር ነው። አገሩ በረሃ ሲሆን፣ ሰው የሚኖረው ወንዙ ባረጠበው በቀጭኑ መሬት ላይ ተምርና እህል እየተከለ ነው። ያንን መሬት ያለመለመው ደለልና ውሃ አብዛኛው ከእኛ ተራሮች የወረደ ነው። ደግሞም የኖባ ስም በንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖባ ነገሥታት የክርስትናን ሃይማኖት ተቀብለው፣ እንደ እኛው ጳጳሳት ከእስክንድርያ መንበር ይላኩላቸው ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ሕዝቡ እስላም ሆነ፤ ሆኖም በፋራስ ከተማ የነበረው ታላቁ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ከ1961 እስከ 1964 ባለው ጊዜ በፖላንድ ሊቃውንት እጅ ከአሸዋ ወጥቶ፣ እኩሌታው በዋርሶ፣ እኩሌታው በካርቱም ቤተ መዘክር ተቀምጧል። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ለእኛ በውሃም በታሪክም ባዕድ አይደለም።

የኖባ የጥንት ዜማ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው። እነዚህም የሰው ድምፅ፣ የእጅ ጭብጨባና ታር የሚባለው ከበሮ ናቸው። ታር ማለት በክብ የእንጨት ጠርዝ ላይ በአንድ ወገን ብቻ ቆዳ የተወጠረበት፣ በአንድ እጅ ከፍ አድርገው ይዘው በጣት የሚመቱት ቀላል ከበሮ ነው። በሰርግ ቀን ሰዎቹ ተሰልፈው አንዱ ሲያወጣ ሌሎቹ ይቀበሉታል፤ ጭብጨባውም ሁሉም አንድ ጊዜ የሚያጨበጭቡት ሳይሆን፣ የአንዱ ወገን ምት በሌላው ወገን ምት መካከል እየገባ እንደ ሽመና ድርና ማግ የሚሠራ ነው። በማሕሌት ቆሞ ከቁም ዜማ ወደ መረግድ፣ ከመረግድም ወደ ጽፋት የሚደረገውን መሻገር ያየ ሰው፣ ጭብጨባ ራሱን የቻለ የዜማ ትምህርት መሆኑን ለማስተዋል አይቸግረውም።

ከእነዚህም ሌላ ኪሲር የሚባል ባለ አምስት አውታር መሣሪያ አለ። ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ይህስ ክራር ነው» ሳይል አይቀርም፤ በእውነትም የክራር ወንድም ነው። ገበታውም፣ ቀንበሩም፣ በቀኝ እጅ እየገረፉ በግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን አውታር ማፈኑም አንድ ነው። የዜማው ስልት ደግሞ እንደ ትዝታችን በአምስት ድምፆች የሚሄድ ነው። የኖባን ዜማ መጀመሪያ የሰማ የአገራችን ሰው ቃሉን ሳያውቅ ልቡ የሚነካበት ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ዑድ እንምጣ። ዑድ በዓረብኛ እንጨት ማለት ነው። ሆዱ በቁመቱ የተሰነጠቀ ቅል ይመስላል፤ የሚሠራውም ቀጫጭን የእንጨት ፍላጮችን በእሳት ሙቀት አጉብጦ እርስ በርስ በማጣበቅ ነው። ፊቱ በስስ እንጨት ይሸፈናል፤ ድምፁ የሚወጣበትም በጌጥ የተፈለፈለ ክብ ቀዳዳ አለው። አንገቱ አጭር ነው፤ የአውታሮቹ መወጠሪያ ያለበት ራሱም ወደ ኋላ የተቀለሰ ነው። ብዙውን ጊዜ 11 አውታር አለው፤ ይኸውም አምስቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ወፍራም ብቻውን ይቆማል። በአንገቱ ላይ እንደ ጊታር የብረት መለያ ስለሌለው፣ ጣት በመንሸራተት በድምፅና በድምፅ መካከል ያለውን ረቂቅ ድምፅ ሁሉ ለማውጣት ይችላል። መምቻው ሪሻ ይባላል፤ ትርጓሜውም ላባ ነው፤ ጥንት ከንስር ላባ ይሠራ ነበርና። ዑድ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ ሉት ለሚባለው መሣሪያ አባት ሆኗል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ማስታወስ ይገባናል። ዑድ የኖባ የጥንት መሣሪያ አይደለም፤ የዓረብ ከተሞች መሣሪያ ነው። የዓረብ ዜማም በሰባት ድምፆችና ከእነዚያም መካከል በሚገቡ ሩብ ድምፆች የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ከኖባ አምስት ድምፅ ጋር ጠባዩ ልዩ ነው። ታዲያ እንግዳው መሣሪያ የባለቤቱን ዜማ አያጠፋውምን? ይህ ጥያቄ በየአገሩ የሽማግሌዎች ጥያቄ ነው፤ ከንቱ ጥያቄም አይደለም። መልሱን ግን ከክርክር ይልቅ ከአንድ ሰው ሥራ እናገኘዋለን።

ይህ ሰው ሐምዛ ዓላ አድዲን ነው፤ በዓለም የታወቀው ሐምዛ ኤል ዲን በሚለው ስሙ ነው። በ1929 በግብጽ ኖባ ቶሽካ በምትባል መንደር ተወለደ። በካይሮ የምሕንድስና ትምህርት ተምሮ በባቡር ሐዲድ መሥሪያ ቤት ሲሠራ፣ በጎን ዑድ መምታትን ተማረ፤ ኋላም ወደ ሮማ ሄዶ በሳንታ ቼቺልያ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የአውሮፓን ሙዚቃ አጠና። የእርሱ ብልሃት ይህ ነው፤ በዑድ የካይሮን ዘፈን ከመድገም ይልቅ፣ የመንደሩን የታር ምት ወስዶ በዑድ አውታሮች ላይ አስቀመጠው። ወፍራሙ አውታር የከበሮውን መካከል፣ ቀጫጭኖቹ ደግሞ የከበሮውን ጠርዝ እንዲናገሩ አደረገ። ከዓረብ ዜማ የሚጠቅመውን ወሰደ፤ ቋንቋውንና ምቱን ግን ከኖባ አልለወጠም። እንግዳው ቤቱን ሳይወርስ የቤቱን ሥርዓት ተማረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያደረገው ግን ለጨዋታ ብቻ አልነበረም። በአስዋን የመጀመሪያው ግድብ በ1902 ተሠርቶ፣ በ1912ና በ1933 ከፍታው በተጨመረ ቁጥር የኖባ እርሻ በውሃ እየተሸፈነ ሄደ። ወንዶቹ እርሻ ሲጠፋባቸው ወደ ካይሮና ወደ እስክንድርያ እየሄዱ ወጥ ቤትና በረኛ ሆኑ፤ መንደሩን፣ ልጆቹንና ዜማውን ጠብቀው የቀሩት ሴቶች ናቸው። በመጨረሻም የታላቁ ግድብ ሥራ በ1960 ተጀምሮ በ1970 ተፈጸመ፤ ከኋላው የተኛውም ባሕር 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። ሐምዛ ይህ ከመሆኑ አስቀድሞ ሥራውን ትቶ በኖባ መንደር ለመንደር እየዞረ፣ የሚመጣውን ነገር ለወገኖቹ ይነግር፣ ዘፈኖቻቸውንም ይሰበስብ ነበር። የአቡ ሲምበልን ቤተ ጣዖት ለማዳን ብዙ መንግሥታት ገንዘብ አዋጥተው፣ ከ1964 እስከ 1968 ድንጋዩን እየቆረጡ ወደ ከፍታ አወጡት። ዘፈኑን ለማዳን ግን መንደር ለመንደር የዞረ አንድ ዑድ የያዘ ሰው ነበር።

በ1963ና በ1964 ከግብጽ ኖባ 50 ሺህ ያህል ሰው ከአስዋን በስተሰሜን ወደሚገኘው ወደ ኮም ኦምቦ ተወሰደ። ከሱዳን ኖባም እንደዚሁ 50 ሺህ ያህል ሰው ከዋዲ ሐልፋና ከአካባቢዋ በባቡር ተጭኖ ወደ ኻሽም ኤል ጊርባ ሄደ። ሰዎቹ ከመሄዳቸው በፊት የዘመዶቻቸውን መቃብር እየዞሩ ተሰናበቱ፤ የቤታቸውንም ግድግዳ የሳሙ ነበሩ። በአዲሱ ሥፍራ በመጀመሪያው ዘመን ሕፃናትና ሽማግሌዎች በብዛት እንደ ሞቱ ነገሩን ያጠኑ ሊቃውንት ጽፈዋል። በኻሽም ኤል ጊርባ እርሻቸውን የሚያጠጣው ውሃ ከአትባራ ወንዝ የተጠለፈ ነው፤ አትባራም ከጎንደር ምድር የሚወርድ፣ ተከዜንም የሚቀበል ወንዝ ነው። ስለዚህ የአገራችን ውሃ በስደታቸውም ተከትሏቸዋል። ሆኖም ያ ዓባይ አይደለም፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚለው ተረታችን በእነርሱ ላይ ደረሰ።

በጽሕፈት ሥራ የምንኖር ሰዎች አንድ ነገር እናስተውላለን። ቤቱ ተለክቶ፣ ተሙ ዛፍ በዛፍ ተቆጥሮ በመዝገብ ገባ፤ ካሳም ተወሰነለት። ዜማን ግን በየትኛው ዓምድ ይጽፉታል? አያት ለልጅ ልጅዋ የምትዘፍነው፣ የወንዙን ዳር የሚጠራ ዘፈን፣ ወንዙ ከደጅ ከራቀ በኋላ ዋጋው ስንት ነው? ይህ ዕዳ በገንዘብ የሚከፈል አይደለም፤ የሚከፈለው በመዘመርና በማስተማር ብቻ ነው።

ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንደሚባለው፣ ሐምዛም እንጨቱን ይዞ ዓለምን ዞረ። በ1964 በአሜሪካ በኒውፖርት የባህል ሙዚቃ በዓል ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት የኖባ ሙዚቃ የሚል ሸክላ ወጣለት። በ1971 ደግሞ ኤስካላይ የተባለው ታላቅ ሥራው ወጣ። ኤስካላይ በኖባ ቋንቋ በበሬ የሚዞር የውሃ መሳቢያ መንኰራኩር ነው። በሬው ሲዞር የእንጨቱ ጥርሶች ይያያዛሉ፤ በገመድ የታሰሩ ገንቦዎችም ከወንዙ ውሃ እየቀዱ ወደ እርሻው ይገለብጣሉ፤ እንጨቱም ቀኑን ሙሉ ሲያቃስት ይውላል። ሐምዛ ይህን መዞር 20 ደቂቃ ያህል በሚፈጅ ዜማ በዑድ ገለጸው። ሸክላው ሲወጣ የልጅነት መንደሩ ከነመንኰራኩሩ በውሃ ውስጥ ነበረ። ኋላም ክሮኖስ የተባለው የአሜሪካ የአራት ሰዎች የሙዚቃ ጓድ ይህንኑ ዜማ በቫዮሊንና በመሰሎቹ ተጫውቶ በ1992 አውጥቶታል። ሐምዛ በአሜሪካ ሲያስተምር፣ በጃፓንም ቢዋ የሚባለውን የዑድ ዘመድ ሲያጠና ኖሮ፣ በግንቦት ወር 2006 በካሊፎርኒያ አረፈ።

በሱዳን በኩል ደግሞ በአገራችን ብዙ ሰው የሚወደው መሐመድ ዋርዲ የኖባ ልጅ ነው። በ1932 ተወልዶ፣ በልጅነቱ ያንን የክራር ወንድም ሲመታ አድጎ፣ ኋላ ወደ ዑድ ተሻገረ፤ በኖባም በዓረብኛም ዘፍኖ በ2012 በካርቱም ዐረፈ። የሐምዛ ዜማ ለብቻ ተቀምጦ የሚሰማ ሲሆን፣ የዋርዲ ግን ለብዙ ሕዝብ አደባባይ የሚመች ነው።

እንግዲህ ይህን ዜማ በቤቱ ለመስማት ለሚወድ ሰው ጥቂት ምክር እንሰጣለን። አንደኛ፣ ለጭፈራ የሚያስነሣ ነገር አይጠብቅ፤ በገና እንደሚሰማበት በጸጥታ፣ ማታ ከእራት በኋላ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይስማ። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ወፍራሙን አውታር ብቻ ይከተል፤ የታር ምት የተደበቀው እዚያ ነውና። ምቱን ሲያገኝ በጣቱ ጉልበቱን እየነካ አብሮ ይቍጠር። ሦስተኛ፣ ከአምስቱ ድምፆች ውጭ የሆነ ድምፅ ሲገባ ልብ ይበል፤ ያ የእንግዳው የዓረብ ዜማ ነው፤ ገብቶም እንዴት እንደሚመለስ ይመልከት። አራተኛ፣ ዝም የሚልበትን ሥፍራ ይስማ፤ ደኅና ደርዳሪ ከሚመታው ይልቅ በሚተወው ይታወቃልና። አምስተኛ፣ ልጆችን አጠገቡ ያስቀምጥ፤ ክራር በቤት ቢኖር ደግሞ ዜማውን በክራሩ እንዲፈልጉት ያድርግ፤ ሕፃን በእጁ የፈለገውን ነገር አይረሳም።

በኮም ኦምቦ የሠፈሩት ኖባዎች ለአዲሶቹ መንደሮች የጥንቶቹን ስም ሰጥተዋል፤ ቶሽካ የሚባል መንደር ዛሬም አለ። ልጆቹ ግን በትምህርት ቤት የሚማሩት በዓረብኛ ስለ ሆነ፣ የአያቶቻቸው ቋንቋ በሰርግ ቤትና በዘፈን ላይ ተደግፎ ቆሟል። ለእኛም ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። አገራችን በቦታዋ ናት፤ ወንዛችንም አልራቀንም፤ ነገር ግን አያቶቻችን የሚያውቁት እሹሩሩ፣ የሰርግ ዘፈንና እንጉርጉሮ ከእነርሱ ጋር ወደ መቃብር እንዲወርድ ውሃ መምጣት አያስፈልገውም፤ የእኛ ቸልተኝነት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ በየቤቱ ያላችሁ ወላጆች፣ አያት በሕይወት ሳለች ዘፈንዋን ከነቃሉ ጽፋችሁ፣ ድምፅዋንም በመቅረጫ አስቀርታችሁ፣ ልጆቻችሁ በአፋቸው እንዲሉት አድርጉ። የጎረቤታችንንም ዜማ በአክብሮት ስሙ፤ በዚያ ውስጥ የራሳችን ወንዝ ድምፅ አለና።