ጭስ የሌለው መርዝ



ብርድ ሲሆን ከሰል አቀጣጥለን ወደ ቤት እናስገባለን። በርና መስኮት እንዘጋለን። «ፍም ሆኗል፤ ጭሱ አልቋል፤ ከእንግዲህ አይጎዳም» እንላለን። እውነት አይጎዳም? ይጎዳል፤ ይገድላልም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ አይታይም፤ አይሸትም። ጭሱ ቢጠፋም መርዙ አለ ማለት ነው።

ታዲያ ሰውን የሚገድለው እንዴት ነው? ደማችን ኦክስጂንን ከሳንባ ተሸክሞ ለመላው አካላችን ያድላል። ይህ ጋዝ ግን ደምን የሚይዘው ከኦክስጂን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። የኦክስጂንን ቦታ ይቀማል። ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል።

ይህን ያወቅነው በምርምር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1850ዎቹ ፈረንሳዊው ክሎድ ቤርናር ጋዙ ደምን እንደሚይዝ አሳየ። በ1890ዎቹ ደግሞ በእንግሊዝ አገር ጆን ሆልዴን ጋዙን በራሱ ላይ ሞከረው። አይጥና ወፍ ከሰው ቀድመው እንደሚደክሙ አየ። ስለዚህ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እነዚህን ይዘው ጉድጓድ እንዲገቡ መከረ።

በእኛ ቤት ግን የምታስጠነቅቅ ወፍ የለችም። ስለዚህ ከሰሉን ደጅ እናቀጣጥል። ቤት ከገባም በርና መስኮት ይከፈት። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ሁላችሁም ቶሎ ወደ ውጭ ውጡ፤ የታመመውን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ከሁሉም በላይ፣ ፍሙን ደጅ ሳታወጡ አትተኙ።

ደህና ሁኑ!